ሞተር የበላው ጆሮ

አባቴ ሞተር ሲያስነሳ መጀመሪያ «ቢስሚላህ» ይላል። ቀጥሎ ማኖቬላውን፣ ማዞሪያ ብረቱን፣ ይሰካና ሞተሩን በአረብኛ ይሰድበዋል። ሞተሩ ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ ብሎ ዝም ሲል ደግሞ በአማርኛ ይለምነዋል፤ «በል እንጂ ወንድሜ፣ ሰው ቆሟል» ይለዋል። ሦስተኛው ላይ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ሐይቅ ከተማ ላይ ከወፍጮ ቤቱ እስከ መስጊዱ ያለ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚያወራው።

አባቴ ያን ጩኸት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ቆሞ ሰማው። ከዚያ ወዲያ አልሰማውም። ጩኸቱ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፣ ምንም አልሰማም። ይሄን መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ያወቅሁበትን ነገር ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል።

ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ስሙ ኢስሃቅ ነው፣ ሰው ግን ኢስሃቅ አረቡ ነው የሚለው። የተወለደው የመን፣ ከባህር ማዶ ነው። በአስራ አምስት ዓመቱ አጎቱን ተከትሎ በጀልባ አሰብ ወረደ። ወደቡ ላይ ጨው ተሸከመ፣ የከባድ መኪና ረዳት ሆነ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም ለመደ። አንድ ጊዜ መኪናቸው ሐይቅ ላይ ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪመጣ አስራ አንድ ቀን ተቀመጡ፤ እናቴን ዘይቱናን ያያት ያኔ ነው። እናቴ ይሄን ስታወራ፣ «መለዋወጫውስ በሦስተኛው ቀን ደርሷል። ገና ነው፣ ገና ነው እያለ ሾፌሩን ያስቀመጠው እሱ ነው» ትላለች። አባቴ አይክድም። ኋላ አንድ ወደ ሀገሩ የሚገባ ጣሊያን ደሴ ላይ የተወውን ወፍጮ አምጥቶ ተከለ። በዚያው ቀረ።

አብዮቱ ሲመጣ ወፍጮው የሰፊው ህዝብ ነው ተባለ። የማህበሩ ሊቀመንበር ታረቀኝ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ ምስማር እየመታ፣ «ጓድ ኢስሃቅ! ከዛሬ ጀምሮ! ይህ ወፍጮ! ያንተ አይደለም!» ብሎ ቁልፉን ተቀበለ። በማግስቱ ማኖቬላውን አስራ ሁለት ሰው ሲያዞር ዋለ። ሞተሩ እምቢ አለ። በሦስተኛው ቀን ታረቀኝ ራሱ ቤታችን መጣ፣ አንገቱም ዝቅ ብሎ። «ጓድ ኢስሃቅ፣ ሰፊው ህዝብ እኮ ዱቄት አጣ» አለ። አባቴ ሄደ፣ ሞተሩን በአረብኛ ሰደበው፣ በአማርኛ ለመነው፣ ተነሳ። እንዲህ ብሎ የራሱ ወፍጮ ተቀጣሪ ሆነ። ቁልፉ ግን ተመልሶ ኪሱ ውስጥ ቀረ። እናቴ «ንብረታችንን!» ብላ ስትቃጠል «ተይው ዘይቱና፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ይላታል።

አማርኛው ጥሩ ነው። ሲናደድና ሲቸኩል ብቻ ይገለበጥበታል፤ ለወንዱ አንቺ፣ ለሴቷ አንተ ይላል። እኔ አነጋገሩን አስመስዬ ስቀዳው ሰፈሩ በሳቅ ይሞት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር፣ ሲሰማ።

ታላቅ ወንድሜ ኑርዬ በሰባ ስድስት ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ጠፋ። ለቀበሌው «አሰብ ስራ አግኝቶ ሄደ» አልን። ውሸት አይደለም፣ አሰብ ድረስ ሄዷል። ከዚያ ጀልባ ተሳፈረና አባታችን የመጣበትን ባህር ወደ ኋላ ተሻገረው።

የሰባ ስምንት ጳጉሜ ላይ አንድ የአሰብ ሾፌር በሳሙና ካርቶን ውስጥ የተደበቀ ካሴት አመጣልን። በሩን ዘጋን፣ ድምፁን ዝቅ አደረግን፣ ቴፑን ከበን ተቀመጥን። ኑርዬ ነበር።

«አባ፣ እማ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። አባ፣ ዘመዶችህን አገኘኋቸው። የአጎትህ ቤት አሁንም አለ፣ አንዱ ክፍል ባዶ ነው። ትውልድህ እዚህ ስለሆነ ወረቀት አይከብድም፣ እማንና እህቴንም ይዘህ መውጣት ትችላለህ ይላሉ። ደክሞሃል አባ። ያ ሞተር ይበቃሃል። እሺ በለኝና ልጀምር። መልሱን በካሴቱ ጀርባ ቅዱና ለሾፌሩ ስጡት፣ ለግሸን ማርያም ሰሞን ይመለሳል።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አለቀሰች። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ራሱን ሲነቀንቅ ቆየና «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለ።

«እና ምን ትላለህ?» አለችው እናቴ።

«ምኑን?»

«የጠየቀህን ነዋ!»

«አስብበታለሁ» አለና ተነስቶ ወደ ሞተሩ ሄደ።

ሳምንት አሰበበት። መስከረም ጠባ፣ ያስባል። እኔ መሄድ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ባህር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ «አባ፣ የኑርዬን ካሴት እንደገና ስማው» አልሁት፣ ከፊቱ ቆሜ። «አምጪው» አለ። ጥርጣሬ ነበረችኝ፤ ጥርጣሬዬ ከተንኮሌ ጋር አንድ ላይ ተነሳችና የኑርዬን ትቼ የጎረቤት የሰርግ ካሴት ከተትሁለት። ከበሮው፣ እልልታው፣ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ይነሳና በጥፊ ይለኛል ብዬ በሩን ይዤ ቆምሁ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ድምፁ ጎርምሷል» አለ።

እናቴ ከጓሮ ገባች። ከበሮውን ሰማች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ሄዳ ቴፑን ጠቅ አድርጋ አጠፋችው።

አባቴ እየነቀነቀ ነበር። ከጠፋም በኋላ እየነቀነቀ ነበር።

ጓሮ ወስዳ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር፤ አልገረፈችኝም። እጄን ብቻ አጥብቃ ያዘችኝ። «ለነፋስ እንኳ እንዳትናገሪ። ሞተር የማይሰማ ወፍጮኛ ማን ያቆየዋል? የማህበሩ ሰዎች እንድሪስን በዚሁ ሙያ ኮምቦልቻ ልከው አሰልጥነው አስቀምጠውታል፣ ሰበብ ነው የሚጠብቁት። ቁልፉን ከወሰዱበት ይሄ ሰውዬ ቆሞ አይሄድም፣ ገባሽ? ከነገ ጀምሮ አብረሽው ዋይ። ጆሮ ሁኚው።»

እኔም ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሰው እየቀዳሁ ከመዋል ሌላ ስራ አልነበረኝም። ሄድሁ።

ብልሃቱን ያየሁት ያኔ ነው። ሞተሩ ሲዞር መዳፉን ጎኑ ላይ ያሳርፋል፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ። ሲግል፣ ሲያንቀው፣ ናፍጣ ሲያንሰው በእጁ ያውቀዋል። ዱቄቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ ድንጋዩን ያጠብቃል ወይ ያላላል። የሰዎቹን ደግሞ አፍ አፋቸውን ያያል። ሃያ ዓመት ያስፈጩ ሴቶች ናቸው፤ እትዬ ጸዳለ ገና አፏን ሳትከፍት «አውቃለሁ ጸዳለ፣ ልም ይሁን፣ በርበሬ ካስፈጨው ሰው ኋላ አይሁን» ይላታል። እሷም «ኧረ ምኑ ጠንቋይ ነው እናንተው!» ትላለች። ጠንቋይ አልነበረም። ደንቆሮ ነበር።

አንድ ቀን ሞተሩ እስኪበርድ በር ላይ ተቀምጠን፣ እኔን ሳያይ ማውራት ጀመረ። ማወቄን እንዳወቀ የነገረኝ በዚህ ነው።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ እዚህ የመጣሁ ጊዜ ከከተማው ወሬ አንድ ቃል አይገባኝም ነበር። የሚገባኝ አዛን ብቻ። አዛን ሲሰማ ከመኪና ስር ተኝቼ አለቅስ ነበር፣ እናቴ የጠራችኝ ይመስለኛል። አሁን የከተማው ነገር ሁሉ ይገባኛል። አዛኑን ነው የማልሰማው።»

«ታዲያ ሶላት እንዴት ነው የምታውቀው?» አልሁት፣ አፌን እንዲያየው ከፈት አድርጌ።

«የዚያ ባህር ዛፍ ጥላ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ የዐስር ሶላት ነው። ደመና ሲሆን ሐሰን ሽማግሌው ለሶላቱ ሊታጠብ፣ ውዱ ሊያደርግ፣ ኮዳውን ይዞ ሲያልፍ አያለሁ። ሐሰን ከታመመ ግን...» አለና ሳቀ። ቀጥሎም ወደ ሞተሩ እየጠቆመ እንዲህ አለኝ፤ «ይሄ ብረት አሳደጋችሁ። ኑርዬን አስተማረ። ጆሮዬን ወሰደ። አልቀየመውም። ግን ደክሞኛል ቢንቲ። ሲሰማ የሚውል ሰው ይደክመዋል፤ ያልሰማውን እንደሰማ ሆኖ የሚውል ሰው ግን፣ ወላሂ፣ አጥንቱ ነው የሚደክመው።»

መስከረም አጋማሽ ላይ ወፍጮ ቤቱ በሶ በሚያስፈጭ ሰው ሞላ። ግሸን የሚወጣ ሁሉ ገብሱን ቆልቶ ለስንቅ ያስፈጫል። እትዬ ጸዳለም ስለት አለባት፤ በዚያ ዓመት የምትወጣው ከድርቁ የተረፉላትን ሁለት ልጆቿን ይዛ ነው። ወረፋው እስከ መንገድ ደርሷል። ሞተሩ ውሃ ጠማው፣ አባቴ በእጁ «ሂጂ» አለኝ፣ ባልዲ ይዤ ወጣሁ።

ከመንገዱ ሳልመለስ ጩኸት ሰማሁ። ባልዲውን ጥዬ ሮጥሁ። የእትዬ ጸዳለን ነጠላ የሚዞረው የወፍጮው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ይዞት እየጠቀለለ፣ ክንዷን እየጎተተ ነው። ሰላሳ ሴት «አጥፋው! ኧረ አጥፋው!» ይላል። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ቋቱ ውስጥ ገብስ እያፈሰሰ ነው። በሶው ጥሩ ሳይሆንለት አልቀረም፣ ፊቱ ፈካ ብሏል።

ናፍጣውን ዘጋሁት። ሞተሩ እየተንገዳገደ ቆመ። አባቴ መቆሙን በእግሩ ተሰምቶት ዞረ። ደሟን አየ።

እትዬ ጸዳለ ክንዷን በቀሚሷ እያፈነች «ምንም አልሆንሁ! አፋችሁን ያዙ! ነጠላዬን ያላሰርሁት እኔው ነኝ!» ብላ በሴቶቹ ላይ ጮኸች። ወደ አባቴ ዞራ ደግሞ ቀስ ብላ፣ አፏን እንዲያየው አድርጋ፣ «አብሽር ጋሽ ኢስሃቅ፣ አብሽር» አለችው። ታውቅ ነበር። ለካ ከሁላችንም በፊት ታውቅ ነበር።

ሰላሳ ሴት ያየው ነገር ግን እንዴት ይደበቃል? በሦስተኛው ቀን ታረቀኝ ሁለት የኮሚቴ ሰዎችና እንድሪስን አስከትሎ መጣ። እንድሪስ ደግ ሰው ነው፣ ያን ቀን መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። እትዬ ጸዳለንም ክንዷ እንደታሰረ አስጠርተዋታል።

«ጓድ ኢስሃቅ! አይሰማም የሚል ጥቆማ ደርሶናል!» አለ ታረቀኝ። ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ዞሮ ከአባቴ ጀርባ ቆመና «ፊትህን ሳትመልስ መልስልኝ» አለ።

እኔ ቋቱ ጋ፣ ከአባቴ ፊት ነበርሁ፤ ትከሻው ከታረቀኝና ከኮሚቴዎቹ ይከልለኛል። አንገቴን ቀና አደረግሁ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ የታረቀኝን ቃል እየተከተልሁ ለአባቴ ያለ ድምፅ በአፌ መታሁለት።

«ዕድሜህ! ስንት ነው!»

«ስልሳ አንድ» አለ አባቴ። «ያንተን አላውቅም። ከዚህ በሶ ሰርቀህ ስትቅም ግን አስራ አራት ዓመትህ ነበር።»

ኮሚቴዎቹ ሳቁ። ታረቀኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት! ስንት ኩንታል! ተፈጨ!»

«ዘጠኝ። አንዱ በርበሬ ነው፣ አስነጠሰኝ።»

ሦስት ጥያቄ ጠየቀው፣ ሦስቱንም መለሰ። እንድሪስ ብቻ አንዴ ቀና ሲል አፌን አየኝ። አየኝና መልሶ መሬቱን አየ። አላህ ይስጠው። አለቀ ብዬ ነበር፤ ቁልፉ ቀረልን ብዬ ነበር።

«ደህና» አለ ታረቀኝ። «እትዬ ጸዳለ፣ አንድ ቃል ብቻ። የዚያን ዕለት ስትጮሁ ሰምቶ አጠፋ ወይስ አልሰማም?»

«ሰምቷል! ወዲያው ነው ያጠፋው። ጆሮውማ የኛን ሐሜት እንኳ ሳይቀር ነው የሚለቅም!»

«እንግዲያው ማይልኝ» አለ ታረቀኝ።

እትዬ ጸዳለ በማግስቱ ነው የምትነሳው። በሶው እዚሁ ተፈጭቶ ከረጢት ውስጥ እግሯ ስር ተቀምጧል። አየችው። ከዚያ ያልታሰረ እጇን አነሳች። «ግሸን ማርያምን...»

አባቴ መዳፉን አፏ ፊት ዘረጋ።

«ጸዳለ፣ አንተ ተው!» አለ፣ እንደሞተር ጮሆ። «አንተ ነገ ወደሷ ትወጣለህ። በሷ ስም ዋሽተህ በየትኛው እግርህ ነው የምትወጣው? ለኔ ብለህ ስለትህን አታበላሽ። ተው።» ወደ ታረቀኝ ዞረ። «አንቺ ታረቀኝ፣ ስሚ። ሁለት ዓመት ነው ምንም አልሰማሁም። የመለስሁልሽ ልጄ አፏን እያንቀሳቀሰችልኝ ነው። የዚህችን ሴት ክንድ እኔ ነኝ የበላሁት። ቺንጋው አይደለም።»

አንቺና አንተው እንዲያ ተገለባብጦ አንድም ሰው አልሳቀም።

ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ዱቄት የያዘውን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ሰጠው። ታረቀኝ ተቀብሎ የት እንደሚያደርገው ጠፋበት፤ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አደረገው። የስብሰባው ቃና ሁሉ ከድምፁ ወጣና፣ ድሮ በሶ ሲሰርቅ እንደነበረው ልጅ ሆኖ «ጋሽ ኢስሃቅ» አለ። «ድንጋዩ ሲያልቅ... መወቀሩን ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም። እንጠራሃለን።»

ይሄን አላቀበልሁትም። አልቅሼ ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ማታ እናቴ ነገረችው እንጂ። ታረቀኝ «ጋሽ» ማለቱን ግን ማንም አልነገረው፤ ይሄ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወጥተን ወደ ሐይቁ ወረድን። ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፣ ኪሱን በየመሃሉ ይነካል። ዳሩ ላይ ውዱ አደረገ። ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ዛፍ ውስጥ ጭስ ይታያል፣ ደወል ይደወላል። «ደወል አለ» አልሁት በአፌ። «አውቃለሁ፣ ወፎቹ ተነሱ» አለኝ። ሰገደ። ሲጨርስ እንደወትሮው አልተነሳም፣ እዚያው ቆየ።

«ያን ለት የሰርግ ዘፈን ነበር አሉ» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «እማ ነገረችህ?»

«ነገረችኝ። ዘፈኑስ ሸጋ ነበር?»

«ሸጋ ነበር አባ።»

«እንግዲያው ምን ይደረግ» አለ። «አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ልጄ ምን አለ?»

እዚያው ከፊቱ ቁጭ ብዬ ነገርሁት። በኔ አፍ ሳይሆን በኑርዬ። ኑርዬ ሲያወራ አንድ ቅንድቡን ያነሳል፣ አንገቱን ያካል፣ ቃሉን ይውጠዋል። እንዲያ እየሆንሁ ስለ ባዶው ክፍል፣ ስለ ወረቀቱ ሁሉንም ነገርሁት። «ደክሞሃል አባ» የሚለው ላይ ስደርስ አባቴ እጁን አነሳ። «አንዴ ድገሚው» አለኝ። ደገምሁለት።

ሾፌሩ በተመለሰ ቀን፣ ጠዋት በር ዘግተን መልሱን ቀዳን። ቴፑ ፊት ሲቀመጥ ሞተር የተነሳ ይመስል ጮኸ፤ «ኑርዬ! ልጄ! አባትህ ነኝ!» እናቴ «ቀስ በል ሰውዬ፣ ቀበሌው ይሰማሃል!» ብላ ጉልበቱን መታችው። ዝቅ አደረገው፣ ከዚያ ደግሞ ከፍ ይልበታል፣ ደግሞ ትመታዋለች።

«ቁልፉን መልሻለሁ። አትዘን፣ ሰው አልተጣላሁም። አንድ የማታውቀው ነገር አለ፤ ጆሮዬ የለም። ያልኸውን እህትህ በፊቷ ነገረችኝ። ሸጋ ነው ያልኸው። ግን አልመጣም ልጄ። እዚያ አፋቸውን የማውቃቸው ሞተዋል። ቋንቋዬ ነው፣ አውቃለሁ፤ ለማይሰማ ሰው ቋንቋ ምን ያደርግለታል? እዚህ ጸዳለ አፏን ሳትከፍት የምትለውን አውቃለሁ። ታረቀኝን እንኳ ከኋላው ሳየው አውቀዋለሁ። ባዶ ሆኜ ወደማላውቀው ሀገር መግባት አንዴ አድርጌዋለሁ፣ ያኔ አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። አሁን አልችልም። እህትህ መምጣት ትፈልጋለች፣ ዓይኗ ነግሮኛል። አላህ ያለ ቀን ትመጣለች። ለጊዜው ግን ጆሮዬ እሷ ናት።»

እኔን አላየኝም ይሄን ሲል።

ቴፑን አቆምሁት። ሾፌሩ ውጭ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ካሴቱን ከማውጣቴ በፊት ገለበጥሁት፣ የኑርዬን ጎን አስነሳሁና የአባቴን እጅ ይዤ መዳፉን ቴፑ ላይ፣ ድምፁ የሚወጣበት ወንፊት ላይ አሳረፍሁት። ባትሪው እያለቀ ስለነበር የኑርዬ ድምፅ ይጎተታል።

አባቴ ሞተር እንደሚያዳምጠው አንገቱን ዘንበል አደረገ። ጣቶቹን ትንሽ አላላ፣ መልሶ ጫን አደረጋቸው። እናቴም እኔም ትንፋሻችንን ይዘን አየነው።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። «ትንሽ ደክሞታል እንጂ ደህና ነው።»

ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። እጁን አላነሳም።